የጋሽ ይመር ፕሮሲም

ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ከሰው ይልቅ መስታወት በበዛበት አዲስ ካፌ ማኪያቶዬን ሳማስል፣ አንድ ፈረንጅ ስልኩን አነሳና «ፕሮሲም?» አለ። ወዲያው የቀለጠ ቆርቆሮና የሞቀ የሬዲዮ አቧራ ሸተተኝ።

የአክስቴ የሰዓዳ ባል ጋሽ ይመር፣ የወሎ ሰው፣ በደርግ ዘመን ፕራግ ኤሌክትሪክ ተምረው ፒያሳ ሬዲዮ መጠገኛ የከፈቱ ናቸው። ከዚያ አገር የተረፋቸው አንድ የቆዳ ሻንጣና ይህች የቼክ ቃል ነበረች። ስልክ ሲያነሱ ፕሮሲም፤ ሲመሰገኑ ፕሮሲም፤ ሳይሰሙ ሲቀሩ ፕሮሲም፤ የተጠገነ ሬዲዮ ሲያቀብሉም ፕሮሲም።

«ጥሬ ትርጉሙ ‘እለምናለሁ’ ነው» ይሉኝ ነበር፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ግንዱ የጥንት ነው፤ ሩስያም ፖላንድም ዘመድ አለው። እኛ ‘እኔ’ን ከግሱ ፊት በ‘እ’ እናስገባታለን፤ እነሱ ከኋላ በ‘ም’።» ጨዋነት ሲፋቅ ልመና ሆኖ መገኘቱ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ቃሏን በደንብ የተማሩት ግን ተርበው ነው። ፕራግ እንደ ደረሱ ሰሞን አንዲት አሮጊት ሳህን አቅርበው «ፕሮሲም» ሲሏቸው፣ እንደ ወጋችን «በቃኝ» ብለው «በሞቴ» እስኪባሉ ጠበቁ። ሳህኑ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ አንዴ የተባለ እምቢታ ለእሳቸው እምቢታ ሆነ።

ይህ ትምህርት አክስቴን ሊያሳጣቸው ምንም አልቀረው። ሽማግሌ ላኩ፤ አያቴ እንደ ደንቡ «ገና ልጅ ናት» ብለው መለሱ። ጋሽ ይመር ወደ ሬዲዮዎቻቸው ተመለሱ። ወር አለፈ። ሌላ ጠያቂ ተነሳ። አክስቴ ደህና ሬዲዮ ተሸክማ ሱቃቸው ገባች። ወሬውን የምትነግረን ራሷ ነበረች፣ እሳቸው አጠገቧ እየሳቁ።

«ምን ሆነ ሬዲዮው?»

«ምንም። የተበላሸኸው አንተ ነህ! ሽማግሌ አንዴ ልኮ የሚተኛ የት አገር አየህ?»

«አባትሽ እኮ እምቢ አሉ።»

«እምቢ አላሉም፤ ጨዋ ናቸው! ሐሙስ ሌሎች ይመጣሉ፣ ትሰማለህ?»

ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አያቴ በሩ ላይ «የት ጠፍታችሁ ነው?» ብለው ተቆጧቸው።

ጋሽ ይመር አምና አረፉ። ሱቁም ከነሰፈሩ ፈርሷል። ከካፌው ወጥቼ ወደ አክስቴ ሄድኩ። ፍርፍር አቀረበችና «ፕሮሲም» አለች። «በልቻለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ። እጇ የሳህኑን ጠርዝ እንደያዘ ነው።

እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።