ለኮታ የተበጠረ ጤፍ

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። በደርግ ጊዜማ ባሰብኝ፤ የቀበሌ ጥበቃ ሲያፏጭ ከሰማሁ፣ ምንም ሳላጠፋ ልጆቼን ሰብስቤ በር እዘጋ ነበር። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ አንድ ቀን መንግሥትን ያታለልኩት።

ታናሽ ወንድሜ ለቡ ያርስ ነበር። ያኔ ለቡ ሁሉ ማሳ ነው፤ ከእኛ ከመካኒሳ በእግር ይደረሳል። መንግሥት ለእህል ዋጋ ቆርጦ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ይህን ያህል ጤፍ በዚህ ዋጋ ያስረክብ ብሎ ነበር። ኮታ ይባላል። ያው ጤፍ ዞሮ በቀበሌ ሱቅ ለእኛ ለከተሜዎቹ በርካሽ ይታደለናል። ወንድሜ ቤቴ ሲመጣ እየጎረሰ፣ "እትዬ፣ የገዛ ላቤን ነው የምታበዪኝ" ይለኛል።

"ታዲያ ምነው ጨው አነሰው?" እለዋለሁ።

አንድ ዓመት በረዶ ማሳውን መታበት፤ ለኮታው ሃያ አምስት ኪሎ ጎደለው። ያልሞላለት ሰው ከነጋዴ በውድ ገዝቶ ማስረከብ አለበት፤ አለዚያ እስር አለ። ከነጋዴ ለመግዛት ደግሞ በሬውን መሸጥ ሊኖርበት ነው። በሬውን ከሸጠ በምን ያርሳል? መጥቶ ደጄ ላይ ተቀምጦ ይህን ነገረኝ። ያ ለፍላፊ ሳይቀልድ ሲያወራ አስፈራኝ።

የወሩን ድርሻችንን ከቀበሌ ያወጣሁት በዚያው ሰሞን ነበር፤ እሱም ሃያ አምስት ኪሎ። "ውሰደው" አልኩት። ካልኩ በኋላ የሰማን ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን አየሁ፤ የቀበሌ እህል ለሌላ መስጠት ያስጠይቃል።

"ልጆቹስ?"

"ድንች ይወዳሉ።"

አህያ ሊያመጣ ሲሄድ እኔ ወንፊትና ሰፌዴን አነሳሁ። እንዴት ከነቆሻሻው ሰው ፊት ይቀርባል? ነፋሁት፣ አበጠርኩት፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቀምኩ።

ብቻውን ልሰደው አልሆነልኝም፤ አብሬው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰላም ላለኝ ሁሉ፣ ሳይጠይቀኝ "ወፍጮ ቤት ነው" እላለሁ። ትንሽ እንደሄድን ወንድሜ ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ ሁለተኛውንም ወፍጮ አለፍነው፤ አሁን ሌላ ውሸት ፈልጊ" አለኝ።

ርክክቡ ቦታ ገበሬው ተሰልፏል። ተራችን ሲደርስ የመንግሥቱ መዛኝ እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተና ዘግኖ አየው።

"የማን ነው ይሄ?"

"የኔ ነው፣ ጓድ" አለ ወንድሜ።

"ገለባ የለው፣ አፈር የለው! ለኮታ ማን ነው እንዲህ የሚያበጥረው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ገበሬው ለኮታ የሚያመጣውን እህል እንኳን ሊያበጥር፣ አፈር ጣል ባያደርግበት ነው! ጉድ ሠራሁት አልኩ። ሲመዘን ደግሞ ባሰ፤ ኪሎ ተኩል ጎደለ። ጠጠሩንና ገለባውን እኮ እኔው ነኝ ያወጣሁት።

"እርስዎ ማን ነዎት?" አለኝ መዛኙ።

"እህቱ ነኝ። እኔ ነኝ ያበጠርኩት። እንዲሁ መስጠት ነውር መስሎኝ ነው" አልኩ። ይሄ እንኳ እውነቴን ነው።

መዛኙ ወደ ሰልፉ ዞረ። "ሰማችሁ? የእናንተን አፈር ብቀንስ የዚህ ሰው ጤፍ ይበልጣል!" አለና ሃያ አምስት ብሎ ጻፈለት። "ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም እንዲህ አበጥራችሁ አምጡ!"

ሰልፉ አጉረመረመ። ከኋላችን የነበሩ ሽማግሌ ወደ ወንድሜ ጎንበስ ብለው፣ "የኔ ልጅ፣ ይቺን እህትህን ለከርሞ እዚያው ቤቷ ያዝልን" አሉት።

ወንድሜ ደረሰኙን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን በጋቢው ያዘ። ማሳው ጫፍ ስንደርስ በሬው አንገት ላይ ተጠምጥሞ ይስቃል፣ እኔ ደግሞ "ቀስ በል፣ ይሰሙናል!" እያልኩ ከሱ ብሼ እስቃለሁ።