ከፍ እንዲል የተለመነው ቁጥር

ባለፈው ሳምንት የልጄን የሰይድን ጨቅላ ሳጥብ ሽንቱን ሽቅብ ለቀቀና ደረቴን አራሰው። ምራቴ አፍራ ጨርቅ ፍለጋ ሮጠች፤ እኔ ግን ሳቄን መግታት አቃተኝ። እንዲህ ያለ ሽንት ለማየት ስንት ጊዜ እንደለመንኩ እሷ የት ታውቃለች?

ሰይድን የወለድኩት ገና ልጅነቴን ሳልጨርስ ነው። የእሱ ሽንት ጠብ ጠብ ነበር የሚለው። ከከሚሴ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ላኩን። የሽንት መውጫውን የሚዘጋ ስስ ሽፋን ይዞ ተወልዷል ተባለና በኦፕራሲዮን ከፈቱለት። ሐኪሟ ግን ኩላሊቶቹ ገና በማህፀን ሳለ ተጎድተው ሊሆን ይችላል አለች። ዓመት ሲሞላው የሚታየው የደም ምርመራ ቁጥር፣ ወደፊት ኩላሊቶቹ እንዴት እንደሚሆኑ ብዙ ይናገራል አለችን።

ቁጥር መባሉን ብቻ ይዘን ተመለስን። አማቴ አባ ይማም ሰንበቴ ገበያ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ለእሳቸው ቁጥር የሚባል ነገር ደስ የሚለው ሲወጣ ነው። ልጁ በጡቴ እንዲደርሰው እያሉ ከአፋሮቹ የግመል ወተት ያመጡልኝ ነበር። ምርመራው ሲቃረብ፣ የማሽላው እሸት በደረሰበት ሰሞን፣ ጎረቤቱን ሰብስበው በጋራ ዱዓ ለሚደረግበት ወዳጃ ተቀመጡ።

"ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ ቁጥር ከፍ አድርግለት" አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

ቤቱ በ"አሚን" ተናወጠ። ከሁሉ አብልጬ የጮህኩት እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ አብረውን ሄዱ። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለችና ቁጥሩ በጣም መውረዱን ነገረችን። ይሄ ሁሉ ሰው የለመነለት ልጅ ቁጥሩ ወርዶ ፈገግታዋን ምን አመጣው ብዬ ተናደድኩባት። አባ ይማም ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለው፣ ከፍ እንዲል ስንት ሰው ዱዓ እንዳደረገለት ነገሯት። ያኔ ነገሩ ገባት።

"አባባ፣ የምንለካው እኮ ኩላሊቱ ሳያጣራው በደም ውስጥ የቀረውን ቆሻሻ ነው። ሲወርድ ነው ጥሩ። ዋስትና ግን አይደለም፤ በየዓመቱ ይታይ።"

አማቴ ከግድግዳው ሥር ተነሡ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ረቢ ያልነውን ትቶ የፈለግነውን ሰማ።"

እስከ ከሚሴ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲያወሩ መጡ። እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

አባ ይማም ዛሬ የሉም። ሰይድ ባጃጅ ይነዳል፤ የውሃ ጠርሙሱ ከጎኑ አይጠፋም፣ ምርመራውንም አሳልፎ አያውቅም። ቁጥሩ ትንሽ ወጣ ያለበት ዓመት ነበር፤ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። ግን ይኸው አባት ሆነ።

ትናንት ለጨቅላው ዱዓ ሲደረግ አንድ ሽማግሌ ነገሩን ሁሉ ከፍ ያድርግለት ብለው መረቁ። ሰይድ ከወዲያ ማዶ አየኝና ሳቁን ዋጠ። ሁለታችንም "አሚን" አልን፤ የቱ ከፍ፣ የቱ ዝቅ ማለት እንዳለበት ረቢ ያውቀዋል።