የአዋላጇ ልጆች ዝርዝር

በዚያ ቀን «የለም» ያልኩት አፍሬ ነው ወይስ በእርግጥ ሳላውቅ? ስንት ዓመት አለፈው፤ አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ።

ጂንካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንደኛ ክፍል ስገባ አብረውኝ የተቀመጡት ልጆች ከትከሻዬ በታች ነበሩ። መምህሩ ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ «አላውቅም» አልኩ፤ ክፍሉ ሳቀ። እናቴን ብጠይቃት እሷም አታውቀውም። «ያዋለዱኝን ሴትዮ ጠይቂ» አለችኝ።

ሴትዮዋ የሰፈራችን የልምድ አዋላጅ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ያዋለዷቸውን ልጆች ግን በሙሉ በቃላቸው ይዘዋል። ቀን አይጠሩም። «አውሮፕላኑ ማረፊያ ሜዳው ጭቃ ላይ ተይዞ ከብት የከበበው ሳምንት»፣ «ዝናቡ ወደ ቀይ አፈር ከተማ የሚወስደውን መንገድ የዘጋ ጊዜ፣ በቆሎው እሸት ሳለ» ይላሉ በአገራችን ቋንቋ፣ በአሪኛ። የእኔንም እንዲያ ነገሩኝ፤ ወሩንና ዓመቱን አስልቼ ደረስኩበት። ዝርዝሩ የተጀመረው በእኔ ነው።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ የምሳ ሰዓቴን ለእሳቸው ሰጠሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፦ የእናት ስም፣ የልጅ ስም፣ ወር፣ ዓመት። መጀመሪያ ደብተር ላይ፣ ከዚያ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ። የተየብኩትን ገጽ ከደብተሩ ቀድጄ እጥለው ነበር፤ ሁለት ቅጂ ከኖረ አንዱ መሳሳቱ አይቀርም ብዬ። ፕሪንትም አላደረግኩትም፤ ወረቀቱም ቀለሙም የመንግሥት ነው። ኮምፒውተሩም የመንግሥት መሆኑን አላጣሁትም። በእሱ ብቻ ራሴን አታለልኩ።

ልጅ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል እናቶች ወደ እሳቸው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ደግሞ ወደ እኔ መላክ ጀመሩ።

«ካንቺ ዘንድ ካለ እኔ ምን አስጨነቀኝ?» አሉኝ አንድ ቀን እየሳቁ። «ጭንቅላቴን ላሳርፈው።»

እውነትም አሳረፉት።

ኋላ ኮምፒውተሮቻችን የሚሠሩበት ዊንዶውስ የሚባለው ፕሮግራም እንዳረጀ፣ ድጋፉም ሊቋረጥ ስለሆነ በአዲስ እንደሚተካ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ሁለቴ አንብቤ፣ የጎደለ አራት ነጥብ አይቼበት፣ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ውስጥ አስገባሁት። እኔን የሚነካ አልመሰለኝም።

ሊቀይር የመጣው ባለሙያ ቀልደኛ ነበር። ጡረታ መውጣት የነበረበትን ማሽን ታሠሩታላችሁ ብሎ አሳቀን። ኃላፊያችን ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«እህቴ፣ ሲ ላይ የግል ነገር አለሽ? ፎርማት ላደርገው፣ ያለበትን ሁሉ ላጠፋው ነው።»

«የለም» አልኩ።

የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤዎች ዲ በሚባለው፣ በማይነካው የኮምፒውተሩ ክፍል አስቀምጪ በተባልኩት መሠረት አንድ በአንድ አስቀምጫለሁ። ዝርዝሩ ግን ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ገጽ ላይ ነበር። ፊት ለፊቴ የማየው ነገር ሲ ውስጥ ነው ብዬ አላሰብኩም። ወይም አስቤዋለሁ፤ ኃላፊው ባሉበት «የግል» የሚለው ቃል አስደንግጦኝ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ ሲከፈት ገጹ ባዶ ሰማያዊ ነበር።

ለሌላ ሰው እንደምጠይቅ አስመስዬ ለባለሙያው ደወልኩለት። የጠፋው ነገር ወዲያው እንደማይጠፋ፣ አዲስ ነገር በላዩ ሲጻፍ እንደሚደመሰስ ነገረኝ። ማሽኑን ሳይነኩ አዲስ አበባ ቢወስዱት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ አለ። ሳይነኩ! በማግስቱ ወደ ሃና ከተማ የሚላኩ የስብሰባ ጥሪዎች ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልለው ጠበቁኝ። ጻፍኳቸው። እያንዳንዱ ደብዳቤ የአንድ ልጅ ስም ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ሥራዬ ነው፣ ማቆም አልችልም። የቻልኩት ማሳጠር ብቻ ነው፤ ሦስት መስመር የነበረውን በአንድ መስመር እጽፍ ጀመር። ኃላፊው አጻጻፌ መሻሻሉን ሰው ፊት ተናገሩልኝ።

እናቶች ሲመጡ «መብራት የለም» እላለሁ። ጂንካ ውስጥ ይህን የሚጠራጠር የለም። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቀን አዋላጇ እማማ ራሳቸው መጡ፤ ትምህርት ቤቱ የዕድሜ ማስረጃ አምጪ ብሎ የመለሳትን ልጅ እጇን ይዘው።

«ይቺን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ዓመቷ ጠፋብኝ። ካንቺ ዘንድ አለ፣ እይልኝ።»

ከራሳችን በላይ አምፖሉ በርቷል። ልጅቷ የምታየው ወለሉን ነው።

«እማማ፣ የለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሁሉም ጠፍቷል።»

የልጅቷን እጅ ለቀቁ።

«ያንቺም?»

«የእኔም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በቆሎው እሸት ሳለ…» ብለው ጀመሩ፤ አቆሙ። «መንገዱ የተዘጋ ጊዜ… የማን ነበር?»

ከመሳቢያው የመንግሥት ወረቀት አውጥቼ፣ እስክሪብቶዬን ከፍቼ ጠበቅኳቸው።