የቃል ጭራ

ቪዲዮ ማቀናበር የተማርኩት ዳንግላ ውስጥ ሠርግ ከሚቀርጽ ፎቶ ቤት ነው፤ ሦስት ሳምንት፣ ከትምህርት ቤት መልስ። ባለቤቱ በዕድሜ ታናሼ ነው። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ "ቲቸር" ይለኛል፤ ማውሱን ስይዝ ግን ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል አየዋለሁ። ሙሽሮች ላይ ጽጌረዳ የሚያዘንብ፣ ልብ የሚያበርር ሰው ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱ ይህ ነበር፦ "ዝምታ ሲመጣ ቁረጪ፣ ቲቸር። ሰው ዝምታ አይወድም።"

አመንኩት። አሁንም በዚያ ፎቶ ቤት በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ እያወቅኩ።

አባቴ ከሞተ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ከመሞቱ በፊት የአክስቴ ልጅ በስልኩ ቀርጾታል፤ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ሁሉም በአገውኛ። የተናገረው ለታናሽ ወንድሙ፣ ለአጎቴ ብሎ ነው። ሁለቱ የተጣሉት በማሳቸው ድንበር ላይ በተተከለ ዲከረንስ ነበር፤ እዚህ አገር ለከሰል ተብሎ እርሻውን ሁሉ በያዘው ዛፍ። በዚያው ዓመት የአጎቴ ሁለት በሬዎች ተከታትለው ሞቱ። ሰው መቼ ዝም ይላል? "ወንድምህ ረግሞህ ነው" አሏቸው። ሽማግሌ ሲላክ አንዱ "አልረገመህም" ይላል፤ ሌላው "ረግሞሃል፣ ካስና ታረቅ" ይላል። አጎቴ በመጨረሻ "ከራሱ አፍ ካልሰማሁ የማንንም ቃል አልቀበልም" ብለው በራቸውን ዘጉ። አባቴ ሲታመም እንኳ አልመጡም። አባቴም "ከራሴ አፍ ይስማ" ብሎ ተናገረ፤ በተዝካሩ ቀን በሰው ፊት እንዲታይም አደራ አለ።

አደራው ወደ እኔ መጣ። የተማረችው እኔ ነኛ!

አገውኛ አልሰማም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ኀፍረቱን አባቴም ይካፈለኝ። አዘና አጠገብ ካለው ቀበሌያችን ለትምህርት ወደ ከተማ ሲያመጣኝ "ልጆች እንዳይስቁባት" ብሎ በአማርኛ ብቻ ያናግረኝ ጀመር። ከእህቱ ጋር እየተጫወተ እኔ ከገባሁ፣ እንግዳ የመጣ ይመስል ወዲያው ቋንቋ ይቀይራል። ነይ፣ ብይ፣ ተቀመጪ የሚሉት ቀሩልኝ፤ ሌላው ከጆሮዬ ወጣ። ለወግ ለማዕረግ አበቃኝ ይባላል። አዎ፣ አበቃኝ። የገዛ አባቴን ኑዛዜ የማልሰማ የተማረ ሰው አደረገኝ።

ማቀናበሪያው ላይ ምስሉ ከላይ ይሄዳል፣ ድምፁ ከሥር በመስመር ይታያል። ሰው ሲናገር መስመሩ ያብጣል፤ ዝም ሲል ይተኛል። ቋንቋ ማወቅ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል ብዬ ነበር። አባቴ ሳንባው ደክሞ ስለነበር ንግግሩን በጉልበት ይጀምርና መጨረሻው ላይ ትንፋሹ ያልቅበታል፤ ከዚያ ይስላል። እኔ ያበጠውን አስቀርቼ የተኛውን ሁሉ ቆረጥኩ። ሳሉ ወጣ፣ ማቃሰቱ ወጣ። አሥራ አንዱ ደቂቃ አራት ሆነ። እጄ እየፈጠነ ሲሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። የሞተ አባቴን ጤነኛ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ደውሎ "ከመታየቱ በፊት አንዴ ልስማው" አለኝ። "ጨርሻለሁ፣ አታስብ" ብዬ ዘጋሁበት። አባቷ ያለውን አታውቅም እንዳልባል ነው። ለፎቶ ቤቱ ባለቤት ግን አሳየሁት። "ንጹሕ ሥራ ነው፣ ቲቸር!" አለ። እሱም አገውኛ አይሰማም።

በተዝካሩ ቀን ቴሌቪዥኑን በባጃጅ ወስደን ዳሱ ውስጥ አቆምነው። አጎቴ መጡ። መምጣታቸው ብቻ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር፤ አክስቴ እጃቸውን ይዛ ከፊት አስቀመጠቻቸው። አባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ታየ። ሳይስል፣ ሳያቃስት፣ ቀጥ ብሎ ተናገረ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የወንድሙን ስም ጠራ፤ አንድ ቃል አከለና ወደ ሌላ ነገር አለፈ። አጎቴ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ማንንም ሳያዩ ወጡ። እንባ ይዟቸው የወጡ መሰለኝና እኔ ደስ አለኝ።

አክስቴ መጥታ ክንዴን ጨመደደችኝ። "ምን ጉድ ነው የሠራሽን፣ ልጄ? 'ወንድሜን ረገምሁት' ይላል እኮ!"

በአማርኛ "አልረገምኩትም" ሲባል ገና ከአፍ ሳይወጣ "አል" የሚለው ያስጠነቅቃል። በአገውኛ ግን ማፍረሻው ከቃሉ ጭራ ላይ ነው የሚመጣው። የመቀነስ ምልክት ከቁጥሩ ኋላ እንደመጻፍ ነው። አባቴ ያን ጭራ የተናገረው ትንፋሹ ባለቀበት ቦታ ነው፤ መስመሩ ላይ የተኛ፣ ዝምታ የሚመስል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የአባቴ አፍ አላመለጠውም፤ ያመለጠው የእኔ እጅ ነው።

በሳምንቱ ያልተነካውን ቅጂ በስልኬ ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። ዱካ አቀረቡልኝ፤ አሥራ አንዱን ደቂቃ ከነሳሉ፣ መጥረቢያቸውን መሬት አስቀምጠው ሰሙ። ሲያበቃ ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ተናገሩ።

"ያን ዕለት ቆረጥሁት ነው የምትይ?"

"አዎ፣ ጋሼ። ሳላውቅ ነው። ይማሩኝ።"

"መቁረጥ የቻለ ሰው መቀጠል ያቅተዋል?"

"ምንም አልቀጠልኩም። የአባቴ ድምፅ ነው፣ ራስዎ ሰሙት።"

"እሱን ተይው። እዚያ ስሜን ከጠራ በኋላ ምን አለ? ንገሪኝ።"

"አክስቴ 'አልረገምሁትም' ነው ያለው ብላኛለች።"

"እሷን መች ጠየቅሁ? አንቺ ልጁ ነሽ። አንቺ በጆሮሽ ሰምተሽዋል?"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ያችን ቦታ ደግሜ ከፈትኩ፤ ሦስት ጊዜ። ስም ሰማሁ፣ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ሳል ሰማሁ። ቃሉ የት አልቆ ትንፋሹ የት እንደሚጀምር መለየት አልቻልኩም። መዋሸት እችል ነበር፤ አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ ላስዋሸው አልወደድኩም።

"አልሰማሁም" አልኳቸው።

በዚያን ቀን ከነገርኳቸው ሁሉ አጎቴ ያመኑኝ ይህን ብቻ ነው።