የመቭራው ዊል ቢጫ ቅጠሎች

ባለፈው ማክሰኞ ሄግ አጠገብ ራይስዋይክ ላይ ከትራም ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ፣ ከአንድ ሰው ጓሮ ያ ሽታ መጣ። የጭስ ሽታ አይደለም፤ በነሐሴ ፀሐይ የሞቀ ለጋ የካናቢስ ተክል ሽታ፣ ሙጫና የሎሚ ልጣጭ አብረው የተወቀጡ የሚመስል። ልጄ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ቆሜ መሳቅ ጀመርኩ።

«እማ፣ ዱ ኖርማል፣ ሥርዓት ያዢ! ሰው እያየሽ ነው» አለችኝ።

በሃያ ስድስት ዓመቴ እንደዚያ እየሸተትኩ፣ ሒጃቤን እንደለበስኩ አምስተርዳምን ማቋረጤን እንዴት ብዬ ልንገራት?

ያኔ ከኮምቦልቻ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አምስተርዳም ኖርድ፣ በእናቴ የአክስት ልጅ በእትዬ ዘምዘም ቤት እኖር ነበር። አገር ቤት ግብርና ኮሌጅ ገብቼ አፈር ተምሬ በዲፕሎማ ተመርቄአለሁ። ወረቀቱን ይዤ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ገመንተ፣ ስሄድ ግን፣ የተቀበለችኝ ሴትዮ በትሕትና አገላብጣ አየችውና «እዚህ ብዙም አይጠቅምሽም» አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ብስኩት ሁሉ ጋብዛኛለች። ቢሆንም ያን ቀን ወረቀቱን ሻንጣ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ፣ ቀስ በቀስ፣ ምንም የማላውቅ ሰው መሆኔን እኔም አመንኩ። ያገኘሁት ሥራ ቱስዞርክ ነበር፤ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ።

ከምንከባከባቸው አንዷ መቭራው፣ በእኛ ወይዘሮ፣ ዊል ነበሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ክረምት አልፏል። ጣቶቻቸው በቁርጥማት እንደ ዝንጅብል ተጣመው ነበር። «አንቺ በይኝ፣ እርጅናዬን አታስታውሺኝ» ይሉኝ ነበር፤ ምላሴ ግን እሺ አላለኝም። ጠዋት እጃቸውን በሞቀ ውሃ አሻለሁ፣ ዳቦአቸው ላይ አይብ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አራት ረጃጅም ተክሎች አጠጣለሁ። ቅጠላቸው እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው። ኮሌጃችን ጤፍና ማሽላ እንጂ እንዲህ ያለውን አላስተማረንም፤ የጌጥ ተክል መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ውሃውን በሚያሻግረው ጀልባ፣ በፖንቱ ላይ አጠገቤ የቆሙ ሁለት ጎረምሶች አየሩን አሸተቱ። እርስ በርስ ተያዩ፣ ቀጥሎ ሒጃቤን አዩ፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሱ። አንደኛው አውራ ጣቱን ቀስሮ «ጥሩ ዕቃ ነው የያዝሽው!» አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም። ቤት ስደርስ እትዬ ዘምዘም ገና በሩን ሲከፍቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አንቺ ልጅ! አረጋውያን ቤት ነው የምትሠሪው ወይስ ሐሺሽ ቤት?»

በማግስቱ ለመቭራው ዊል ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አራት ሳምንት ሙሉ ምን መስሎሽ ነው ያጠጣሽው?»

«አበባ።»

እንደገና ሳቁ። ከዚያ ጣቶቻቸውን አሳዩኝ። በየመኸሩ አበባውን በዘይት እያሞቁ ቅባት ይሠሩበታል፤ ያንን ተቀብተው ነው ክረምቱን የሚያልፉት። ጥቂት ተክል ለራስ ቢያበቅሉ ማንም አይነካቸውም። የአምናው ቅባት አልቆ ብልቃጡ ባዶ ሆኗል፤ የዘንድሮዎቹ ተክሎች ደግሞ ቢጫ እየሆኑ ነው። «ማዳበሪያውን እጥፍ አደረግሁላቸው፤ ባሰባቸው» አሉኝ። አሁን አይስቁም ነበር።

እኔም አመነታሁ። ሥራውን ልተው ወይ ብዬ እትዬ ዘምዘምን ጠየቅኋቸው። ሽንኩርት መክተፋቸውን ትተው ጥቂት አሰቡ።

«ሴትዮዋ ታመዋል፤ ቅጠሉም ታሟል። አንቺ አታጭሺው እንጂ ሂጂና አክሚው።»

በማግስቱ ጓሮ ስገባ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተክልን እንደ ተማርኩት አየሁ። የአፈር መምህራችን «ቅጠል አይዋሽም፤ ግን አስቀድመሽ ዕድሜውን ጠይቂው» ይሉ ነበር። ከታች ያረጀው ቅጠል ቢጫ ቢሆን ናይትሮጂን አጥሯል ማለት ነው። እነዚህ ግን ታች አረንጓዴ ናቸው፤ የገረጣው ከላይ ያለው ለጋው ነው፣ ያውም ደም ሥሮቹ አረንጓዴ እንደሆኑ። ብረት አጥቷል። ብረት ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ሞልቶ፣ የአፈሩ ፒኤች ከፍ ካለ፣ ማለትም አፈሩ አሲድ ካነሰው፣ ሥሩ ሊወስደው አይችልም።

መለኪያ አልነበረኝም። ከመቭራው ዊል ወጥ ቤት ግን ቀይ ጥቅል ጎመን አይጠፋም። ቀቅዬ ሐምራዊውን ውሃ በሦስት ብርጭቆ ቀዳሁት። አንዱ ላይ አቼቶ ጠብ ሳደርግ ቀላ። ሁለተኛው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ስበትን አረንጓዴ ሆነ። ሦስተኛው ላይ የጓሮውን አፈር ጨመርኩና ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን ጠበቅን። ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ሶዳው ወደ አረንጓዴ አደላ። አፈሩ አሲድ አንሶታል።

«አፈሩ ላይ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«አመድ። የምድጃውን አመድ። ባለቤቴ ያደርግ ነበር።»

«በየስንት ጊዜው?»

«እሱ በዓመት አንዴ ነበር። እኔ በየእሑዱ ነው። እያስታወስኩት።»

አመዱ ነው የጎዳቸው ማለት፣ ናፍቆትዎ ነው እንደ ማለት መሰለኝ። ግን ተክሎቹ ጊዜ አልነበራቸውም። «መቭራው፣ ምግብ አላጡም። ገበታው ከፊታቸው ነው፤ አመዱ እጃቸውን አስሮባቸው ነው» አልኳቸው።

መቭራው ዊል በመስኮቱ ወደ ጓሮው ተመለከቱና ፈገግ አሉ። «እሱ ቢኖር ይቆጣኝ ነበር። ሁሉን ነገር ታበዢያለሽ ይለኝ ነበር።»

አመዱም ማዳበሪያውም ቆመ። አመድ የጠጣውን የላይኛውን አፈር አንስቼ በአዲስ ተካሁት፤ ከበርሜል ዝናብ ውሃ ላይ ትንሽ አቼቶ እየጨመርኩ አጠጣሁ። በየጠዋቱ ከእሳቸው በፊት ጓሮውን ነበር የማየው። አንደኛው ተክል አልዳነም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ከሦስቱ ጫፍ ላይ አዲስ ቅጠል ወጣ፤ አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ። መቭራው ዊል በካልሲ ብቻ እርጥቡ ሣር ላይ ወጥተው አቀፉኝ። በዚያ ጓሮ ውስጥ የሰባ ስምንት ዓመት ሴትና እኔ እንደ ሰርግ ዘለልን።

በኅዳር ቅባቱ ደርሶ ጣቶቻቸው ትንሽ ሲፍታቱ፣ እስክሪብቶ አምጪ አሉኝ። ከሄግ ወጣ ብሎ የቲማቲም ግሪንሃውስ ለነበረው ለእህታቸው ልጅ፣ ፊደሉ እየተንቀጠቀጠ፣ «ይህቺ ልጅ አፈር ታውቃለች» ብለው ጻፉለት። ያቺን አንዲት መስመር ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። እኔም በዚያ ወረቀት እሱ ዘንድ ሥራ ገባሁ፤ እስከ ዛሬም ከግሪንሃውስ አልወጣሁም።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ሰው ከአገሩ ሲወጣ የሚያውቀውን ሁሉ ኬላው ላይ አስረክቦ የመጣ ይመስለዋል፤ የሚጠይቀው ሲጠፋ ደግሞ እውነት መስሎት ይኖራል። ስለዚህ አሁን አዲስ የመጣ ሰው ሳገኝ፣ መኖሪያ ፈቃዱን አልጠይቅም። ስሙን እጠይቅና ቀጥዬ «አገር ቤት ምን ታውቅ ነበር?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ደንግጦ ያየኛል። ማውራት ከጀመረ ግን ማስቆም ያቅተኛል።