ባህር ዛፉን ተከትላ የመጣች ተባይ

ዋበሪ ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ችግኝ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። በአጥሩ ጥግ የቆሙትን ስድስት ቀይ ባህር ዛፎች ከዘር አንስቶ ያሳደጋቸው ራሱ ነው።

ባለፈው ግንቦት ቅጠሎቻቸው ላይ ነጫጭ ነገር ወጣ። ሰሊጥ የሚያክል፣ ሾጠጥ ያለ ክዳን ነው። በጥፍሩ ፈልቀቅ ሲያደርገው ከሥሩ ቢጫ ተባይ ቁጢጥ ብላለች። ክዳኑን ቀመሰው፤ ይጣፍጣል። ግራ ገባው። መርጫውን ተሸክሞ ሦስት ሳምንት መድኃኒት ረጨ። ቅጠሉ ግን መርገፉን አላቆመም፤ ጭራሽ የሁለቱ ዛፎች አናት ደረቀ።

በመጨረሻ ኑሀሚን የምትባል ወጣት የዕፅዋት ባለሙያ ለመነና መጣች። ቅጠሉን በአጉሊ መነጽር አየችና፣

«ጋሼ ዋበሪ፣ ይቺ የአውስትራሊያ ናት» አለችው።

«አውስትራሊያ? ማን አመጣት?»

«እንጃ። ዛፉም እኮ የዚያው ነው።»

«የቱ? ይሄ? አቦ ተይኝ! እኔ ራሴ ነኝ የተከልኩት።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። አውስትራሊያ ከሌሎቹ አህጉራት ተገንጥላ፣ በባሕር ተከባ፣ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ብቻዋን ኖራለች። እዚያ የቀሩት ነፍሳት ከዛፎቹ ጋር አብረው እየተለወጡ፣ ሌላ ቦታ የሌለ ዓይነት ሆኑ። ይቺ ተባይ የባህር ዛፍ ቅጠል ብቻ ትመጥጣለች፤ ከመጠጠችው የተረፈውን ስኳር ክዳን አድርጋ ትሠራበታለች። ከዓይን የማትገባ አንዲት ተርብ ደግሞ ክዳኑን በስታ እንቁላሏን እዚያችው ተባይ ላይ ትጥላለች።

«ተርቧስ እዚያው ቀረች?»

«እሷም ተከትላ መጥታለች። ይሄ ክዳን ላይ ክብ ቀዳዳ ይታይዎታል? አድጋ የወጣችበት ነው።»

ዋበሪ መነጽሩን ተቀብሎ አየ። ቀዳዳው አለ። ዞር ብሎ ደግሞ መርጫውን አየው።

«እና እኔ ስገድል የከረምኩት ማንን ነው?»

ኑሀሚን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ተባይዋን ክዳኑ ይከልላታል። በብዛት ያለቀችው ተርቧ ትሆናለች» አለች።

«ወላሂ፣ ጭንቅላቴ ዞረ! አሁን ማንን ልርጭ?»

«ማንንም። ይተዋቸው።»

ያማረ ዛፍ እያለቀ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለዋበሪ ከባድ ነበር። ሁለት ጊዜ መርጫውን ሞልቶ ሁለት ጊዜ ደፋው። ሐምሌ ላይ ሁለቱ ዛፎች ደረቁና ቆረጣቸው። መስከረም ሲብት ግን የቀሩት አራቱ ለጋ ቅጠል አወጡ፤ አብዛኛው ክዳንም ቀዳዳ ነበረበት። ደስ ብሎት ለኑሀሚን ደወለ።

«ተርቧ ናት አይደል?»

«ዝናቡም ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ። ክረምቱ ተባይዋን አጥቦ ይጥላታል።»

ስልኩን ዘጋ። ማንን እንደሚያመሰግን አላወቀም። በማግስቱ አንድ ደንበኛ መጥቶ «የአገር ዛፍ ስጠኝ» ሲለው፣ ዋበሪ ከችግኞቹ መሃል ቆሞ ቀረ። ኒም ወደሚባለው ዛፍ ችግኝ እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ‘ይሄስ ከየት የመጣ ይሆን?’ ብሎ መልሶ ሰበሰበው።

«አንዴ ታገሰኝ» አለው፤ «ደውዬ ልጠይቅ።»