አባቴ ጆሮዬን ሲያይ

በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሲታሸግ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው፤ ቢሆንም የጻፈው እጅ የእኔ ነው። አባቴ ደግሞ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር።

አልተቆጣኝም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ፊቴን ማየት ተወ። ስናወራ የሚያየው ጆሮዬን ወይም ትከሻዬን ነው። «ዓይንሽን ላፈር» የሚል ቃል ከአፉ ባይወጣም፣ እኔ እንዳለኝ ቆጠርኩት። ታዲያ እኔም እልኸኛ ነኝ። ዓይኑ ወደ ጆሮዬ ሲሄድ ተከትዬ ፊቴን እደቅንበታለሁ፤ እሱ ደግሞ መልሶ ዞር ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አባሮሽ ስንጫወት ኖርን።

አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋና «የቃሉን መሃል አይጥ በልቶታል» አለ። ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪም መምጣቱን ስሰማ ሆስፒታል ወሰድኩት። የአባቴ አማርኛ ከገበያ አያልፍም ነበርና በአኙዋክኛ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ።

«ክንዳቸው ላይ ቢጫ መድኃኒት እወጋለሁ» አለ ሐኪሙ። «ከደሙ ጋር ዓይናቸው ድረስ ይሄዳል። ይዤው የመጣሁት ካሜራ የዓይናቸውን ውስጥ ቶሎ ቶሎ ያነሳል። ደሙ የት እንደሚዘገይ፣ የት ከደም ሥሩ እንደሚፈስ ከፎቶው አያለሁ።» ሽንቱ ቢጫ ቢሆን እንዳንደነግጥም አስጠነቀቀን።

ከመውጋቱ በፊት አባቴ አገጩን ካሜራው ላይ አስደግፎ ትንሿን ቀይ መብራት እንዲያይ ታዘዘ። ዓይኑን ወደ ጎን አዞረ።

«መብራቷን እኮ ነው የተባልከው!» አልኩት።

«እያየኋት ነው።»

«እያየሁ ነው ይላል» አልኩ ለሐኪሙ። «አይመኑት፣ ግትር ነው።» ወደ አባቴ ዞሬ ደግሞ፣ «እዚህም ልታዋርደኝ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት።

«እህቴ፣ አይቆጧቸው» አለ ሐኪሙ። «እውነታቸውን ነው። በእርጅና የዓይናቸው መሃል ተጎድቷል። ፊት ለፊት ያዩት ነገር ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ማየት ሲፈልጉ ወደ ጎን ዞር ይላሉ። እኔ ማንሳት የምፈልገው ያንን መሃል ነውና፣ መብራቷ የምትጠፋበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ይቆዩ ይበሏቸው።»

ተረጎምኩለት።

«ጠፋች» አለ አባቴ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ወጋው፤ ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ።

ፊልሙ የሚታጠበው አዲስ አበባ ነው ተባልን። የጠፋው መሃል ግን ይመለሳል የሚል ተስፋ ሐኪሙ አልሰጠንም።

በባሮ ዳር ወደ ቤት ስንሄድ አላስችል አለኝ። «አባ፣ እኔ እኮ በቤተ ክርስቲያኑ ምክንያት ፊቴን የጠላኸው መስሎኝ ነበር» አልኩት።

«እሱንም አልረሳሁትም» አለ። ትንሽ ተራመደና ቆመ። «ግን ላይሽ ስል ሁልጊዜ ትጠፊብኛለሽ። ፈልጌ ሳገኝሽ መልሰሽ ትጠፊያለሽ። አፍረሽ የምትሸሺኝ መስሎኝ ነበር።»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ለሁለት ዓመት እየኝ እያልኩ ራሴን ስሰውርበት ኖሬያለሁ።

አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ዓይኑን ቀስ አድርጎ ወደ ጆሮዬ አዞረ። አንገቴ እንደ ልማዱ ሊከተለው ሲል ያዝኩት፤ አልተንቀሳቀስኩም። ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ከስተሻል» አለኝ።